ቢጫ ወባ በምዕራቡ ድንበር፦ ከኩርሙክ ወረርሽኝ እስከ ዘረመል አርትዖት

መግቢያ

ከአሶሳ ተነሥቶ በሆሞሻ በኩል ወደ ሱዳን የሚወስደው መንገድ የሚያበቃው ኩርሙክ ላይ ነው። የድንበሩ መስመር ይህን ስም ለአንድ ወገን ብቻ አልተወውም፤ በሱዳን በኩል ኩርሙክ የምትባል ከተማ ስትኖር፣ በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠራ ወረዳ አለ። የበርታ ሕዝብም ከጥንት ጀምሮ በሁለቱም ወገን ይኖራል፤ ገበያውም፣ ጋብቻውም፣ የወርቅ አጠባውም ድንበር የሚሻገር ነው። ሰው በሚሻገርበት መንገድ ደግሞ ደዌ መሻገሩ አይቀርም።

በ1959 መጨረሻ ላይ በዚሁ ድንበር በሱዳን በኩል፣ በዚያን ጊዜ ደቡብ ፉንጅ ይባል በነበረው አካባቢ፣ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተነሣ። በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቦ የቀረው አኃዝ 120 ሕሙማንና 88 ሙታን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብዙም ሳይቆይ፣ ከ1960 እስከ 1962 ባሉት ዓመታት፣ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ታሪክ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው ደረሰ።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ዘመን ታሪክ በአጭሩ ካወሳ በኋላ፣ የዚሁ ቫይረስ ዘረመል እንዴት እንደ ተነበበ፣ እንዴት እንደ ተጻፈ፣ በመጨረሻም በዘረመል አርትዖት አማካይነት በተለከፈ ሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደ ተመረመረ ይዳስሳል። በእነዚህ ሁሉ እርምጃዎች መካከል ተደጋግሞ የሚታይ አንድ እውነት አለ፤ ይኸውም የቤተ ሙከራው ጥበብ ምንም ያህል ቢራቀቅ፣ መነሻው ከአንድ ሕመምተኛ በወቅቱ የተወሰደና በጥንቃቄ የተጠበቀ ናሙና መሆኑ ነው።

የበሽታው ስምና ጠባይ

“ቢጫ ወባ” የሚለው የአማርኛ ስያሜ በሽታውን ከወባ ጋር ያዛምደዋል። ሁለቱም በትንኝ ንክሻ ይተላለፋሉ፤ ሁለቱም በቆላና በወይና ደጋ ይበረታሉ፤ ሁለቱም በብርድ ብርድታና በትኩሳት ይጀምራሉ። መንሥኤያቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ወባን የሚያመጣው ፕላዝሞዲየም የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሐዋስ ሲሆን፣ ቢጫ ወባን የሚያመጣው ፍላቪ ቫይረስ ከሚባለው ወገን የሆነ ቫይረስ ነው።

ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ ከ3 እስከ 6 ቀናት ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ የራስና የወገብ ሕመም፣ ማቅለሽለሽም ይጀምራል። አብዛኛው ሕመምተኛ በዚሁ አልፎለት ይድናል። ከመቶው ወደ 15 የሚጠጉት ግን ከአጭር ፋታ በኋላ ይብስባቸዋል፤ ዐይናቸው ቢጫ ይሆናል፣ ደም ያስመልሳቸዋል፣ ጉበትና ኩላሊታቸው ይጎዳል። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ በደቡብ ፉንጅ ከ120 ሕሙማን 88 ሞቱ መባሉ የሚያመለክተው የቫይረሱን ልዩ ጭካኔ ሳይሆን፣ የተመዘገቡት እጅግ የጠናባቸው ብቻ እንደ ነበሩ ነው። ቀላል ሕመም ያለፈባቸው በመዝገብ አልገቡም።

ዐይን ቢጫ የሚያደርግ ሕመም በአገራችን “የወፍ በሽታ” ተብሎ ሲጠራ የኖረ ነው። በዚህ አንድ ስም ሥር ግን የጉበት ቫይረሶች፣ የጠና ወባ፣ አገርሺ ትኩሳትና ቢጫ ወባ አብረው ሊሰለፉ ይችላሉ። ስለዚህ ቤተ ሙከራ በሌለበት ስፍራ የሚገኝ ሐኪም ቢጫ ወባን በመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ላይ ለይቶ ማወቅ እጅግ ይቸግረዋል። ወረርሽኙ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ሙታን ከበዙ በኋላ ነው።

ከ1960 እስከ 1962 የደረሰው እልቂት

በዚያን ዘመን አሶሳ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች፤ የዛሬው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሰሜናዊ ክፍል የሆነው መተከል ደግሞ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ይተዳደር ነበር። የጤና ባለሙያ ቁጥር እጅግ ጥቂት ነበር። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከ1954 ጀምሮ የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ቢጀምርም፣ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ሥራ የጀመረው በ1964 ነው። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር የተቋቋመው በ1961፣ መጽሔቱም መታተም የጀመረው በ1962 ነው። እንግዲህ የአገሪቱ የሕክምና ማኅበር የተወለደው በዚሁ ወረርሽኝ መካከል ነበር ማለት ነው።

በሽታው የበረታው በኦሞ ወንዝና በዴዴሳ ወንዝ ሸለቆዎች ነው። ዴዴሳ ከኢሉባቦርና ከጅማ ከፍታዎች ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወርድ፣ በመጨረሻም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላ ከዓባይ ጋር የሚገናኝ ወንዝ ነው። በአብዛኛው በሚጠቀሰው ግምት መሠረት፣ 1 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖርበት በነበረው የወረርሽኙ ክልል 100,000 ሰዎች ታመው 30,000 ሞተዋል። ይህ ቁጥር በሆስፒታል መዝገብ የተገኘ አይደለም። ሕዝቡ ከጤና ተቋም ርቆ የሚኖር በመሆኑ፣ የሙታኑ ብዛት የተገመተው ከጊዜው በኋላ በየመንደሩ በተደረገ ጥያቄና በተሰበሰበ ደም ምርመራ ነው።

ይህን ከባድ ሥራ ያከናወኑት በአዲስ አበባ በነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት የሚሠሩት ሴሪዬ፣ አንድራል፣ ኔሪና ባልደረቦቻቸው ነበሩ። ውጤቱንም በ1968 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት በተከታታይ አወጡ። በጥናታቸው ኤዲስ ሲምፕሶኒ የተባለችው ትንኝ በሽታውን ከሰው ወደ ሰው በማስተላለፍ ዋነኛዋ እንደ ነበረች አረጋገጡ። ይህች ትንኝ የምትራባው በኩሬ ሳይሆን እንደ እንሰትና ጎደሬ ባሉ ተክሎች ቅጠልና ግንድ መጋጠሚያ በሚጠራቀመው ጥቂት ውኃ ነው። ለቤተሰቡ ምግብና ጥላ የሆነው የጓሮ ተክል፣ ሳይታወቅ የትንኟ መራቢያም ሆኖ ነበር።

በድንበሩ ማዶም ተመሳሳይ ጥረት ተደርጓል። የደቡብ ፉንጁን ወረርሽኝ መርምረው በ1966 ካሳተሙት መካከል የሱዳን የማይክሮባዮሎጂ አባት ተብለው የሚታወቁት ፕሮፌሰር ማንሱር አሊ ሐሲብ ይገኙበታል። ሱዳን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1940 በኑባ ተራሮች ወደ 15,000 የሚጠጉ ሰዎች የታመሙበትንና 1,500 ያህል የሞቱበትን ወረርሽኝ አስተናግዳ ነበር።

የዚያ ዘመን ተመራማሪዎች መሣሪያ የተወሰነ ነበር፤ የሕመምተኛን ደም በአይጥ ግልገል አንጎል መውጋት፣ ፀረ እንግዳ አካልን መለካት፣ የሟችን ጉበት በአጉሊ መነጽር መመርመር። እነዚህ ዘዴዎች “ቢጫ ወባ ነው ወይስ አይደለም?” ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ። “የኑባው፣ የኩርሙኩና የዴዴሳው ቫይረስ አንድ ቤተሰብ ነውን? ሰውን የሚገድለውስ በየትኛው ዘረመሉ ነው?” ለሚለው ግን መልስ አልነበራቸውም። ቢሆንም አንድ ታላቅ ቁም ነገር ሠርተዋል፤ በ1961 ከኢትዮጵያ የተገኘው ቫይረስ ተለይቶ፣ “ኩማ” የሚል መጠሪያ ተሰጥቶት እንዲጠበቅ አድርገዋል።

ሳይታይ የተለወጠ ዘረመል

የቢጫ ወባ ቫይረስ ዘረመል በሰው እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለወጠው ዘረመል ምን እንደ ሆነ በውል ከመታወቁ በፊት ነው። በ1927 በዛሬዋ ጋና አሲቢ ከተባለ ሕመምተኛ በተወሰደ ደም ቫይረሱ ተለየ። ሥራው ሕይወት የሚያስከፍል ነበር፤ ቫይረሱን ከለዩት አንዱ የሆኑት አድሪያን ስቶክስ በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ ሞቱ። በ1928ም ጃፓናዊው ተመራማሪ ሂደዮ ኖጉቺ በአክራ እንደዚሁ አረፉ።

ማክስ ታይለርና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ ይህንኑ የአሲቢ ቫይረስ በመጀመሪያ በአይጥ ሽል፣ ቀጥሎም በዶሮ ሽል፣ በኋላም አንጎልና ሕብለ ሰረሰሩ በወጣለት የዶሮ ሽል ሕዋስ ላይ ደጋግመው አራቡት። ከ170 ጊዜ በላይ ከተላለፈ በኋላ ጉበትንም አንጎልንም የመጉዳት ኃይሉን ያጣ፣ ነገር ግን መከላከያን የሚቀሰቅስ ቫይረስ ተገኘ። በ1937 ይፋ የሆነው ይህ ክትባት 17ዲ ይባላል። ታይለር ለዚህ ሥራ በ1951 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ክትባቱ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የአማካሪዎች ቡድንም በ2013 አንድ ጊዜ መከተብ ዕድሜ ልክ እንደሚያገለግል አስታውቋል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዴዴሳና በኦሞ ሸለቆዎች ሕዝብ ሲያልቅ ክትባቱ ከተገኘ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የጎደለው ሳይንስ አልነበረም። የጎደለው በሽታውን በወቅቱ የሚያውቅ ዐይንና ክትባቱን ወደ መንደሩ የሚያደርስ ሥርዓት ነበር።

ዘረመሉ ሲነበብ

የቫይረሱ ዘረመል ሙሉ በሙሉ የተነበበው በ1985 ነው። ቻርልስ ራይስና ባልደረቦቹ የ17ዲ ቫይረስ ዘረመል በ10,862 ኑክሊዮታይድ የተጻፈ አንድ የአር ኤን ኤ ክር መሆኑን አሳዩ። ከዚህም ክር አንድ ረጅም ፕሮቲን ይሠራል፤ ይህ ፕሮቲን ተቆራርጦ አሥር ይሆናል። ሦስቱ የቫይረሱን አካል የሚገነቡ ሲሆኑ፣ ሰባቱ ደግሞ በሕዋሱ ውስጥ የመባዛቱን ሥራ ያካሂዳሉ። ቆራጩም ሁለት ነው፤ አንዱ የቫይረሱ የራሱ ኢንዛይም ሲሆን፣ ሌላው የተለከፈው ሕዋስ ኢንዛይም ነው። ቫይረሱ የሕዋሱን መቀስ ተውሶ ይጠቀማል ማለት ነው።

በ1987 ደግሞ የ17ዲ ዘረመል ከአባቱ ከአሲቢ ዘረመል ጋር ተነጻጸረ። ታይለር ሳያይ ያመጣው ለውጥ ተቆጠረ፤ 68 የኑክሊዮታይድና 32 የአሚኖ አሲድ ልዩነት ተገኘ። ገዳዩን ከክትባቱ የሚለየው ይህ ብቻ ነው። ከእነዚህ መካከል የትኛው ወሳኝ እንደ ሆነ ግን በንባብ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ንባቡ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በ2001 የታተመ ጥናት የአፍሪካ ቫይረሶችን በአምስት ወገን ሲከፍል፣ የሱዳኑን የ1940 ቫይረስና የኢትዮጵያውን የ1961 ቫይረስ በአንድነት የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ወገን በተባለው ውስጥ አስቀመጣቸው። ከኑባ ተራሮች እስከ ኢትዮጵያ ሸለቆዎች ያለው አገር፣ ኩርሙክንና አሶሳን በመካከሉ ይዞ፣ የአንድ የቫይረስ ወገን መኖሪያ ሆኖ ተገኘ። በ2006ም በቴክሳስ፣ ጋልቬስተን፣ በአለን ባሬት የሚመራ ቡድን የኩማን ሙሉ ዘረመል ከአንጎላና ከኡጋንዳ ቫይረሶች ጋር አሳተመ። ወረርሽኙ ካለፈ ከ44 ዓመት በኋላ፣ የሞቱት ያልተናገሩትን ያ የተጠበቀ ናሙና ተናገረ።

ዘረመሉ ሲጻፍ

ከማንበብ ቀጥሎ የመጣው መጻፍ ነው። የቢጫ ወባ ቫይረስ ዘረመል አር ኤን ኤ በመሆኑ በቀጥታ ቆርጦ መቀጠል አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች በመጀመሪያ አር ኤን ኤውን ወደ ዲኤንኤ ገለበጡት። ዲኤንኤው በባክቴሪያ ውስጥ ይራባል፤ የተፈለገው ፊደል ይለወጥበታል፤ ከዚያም እንደገና ወደ አር ኤን ኤ ተገልብጦ ወደ ሕዋስ ይገባል። ራይስና ባልደረቦቹ በ1989 በዚህ መንገድ የተሠራው አር ኤን ኤ በሕዋስ ውስጥ ሕያው ቫይረስ እንደሚያስገኝ አሳዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እያንዳንዱ የቫይረሱ የዘረመል ክፍል አንድ ቀጥተኛ ጥያቄ ማቅረብ ተቻለ፤ ይህ ክፍል ቢወጣ ወይም ቢለወጥ በተለከፈው ሕዋስ ውስጥ ምን ይሆናል?

አንድ ምሳሌ ለዚህ ይበቃል። በቫይረሱ ዘረመል ጫፍ፣ ፕሮቲን በማይሠራው ክፍል፣ በምዕራብ አፍሪካ ቫይረሶች ሦስት ጊዜ፣ በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ቫይረሶች ሁለት ጊዜ፣ በደቡብ አሜሪካዎቹ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ተደጋጋሚ ጽሑፍ አለ። የሱዳኑና የኢትዮጵያው ቫይረስ አንዱ መለያ ይህ ነው። በ2003 የታተመ ጥናት ይህን ተደጋጋሚ ክፍል ከ17ዲ አውጥቶ ሲሞክር፣ ቫይረሱ በሕዋስ ውስጥ መባዛቱን አላቆመም። በአቅራቢያው ያለ ሌላ ክፍል ሲወጣ ግን ቫይረሱ መባዛት አልቻለም። ስለዚህ ተደጋጋሚው ጽሑፍ የቫይረሱን ዘር ለመለየት ምልክት ሆኖ ያገለግላል እንጂ፣ ለመባዛቱ የግድ አስፈላጊ አይደለም።

ይኸው ጥበብ ለክትባትም ዋለ። የ17ዲ የውጭ ልባስ ዘረመሎች ወጥተው በጃፓን ኢንሴፋላይቲስ ወይም በዴንጊ ቫይረስ ልባስ ዘረመሎች ሲተኩ፣ አዳዲስ ክትባቶች ተገኙ። የመጀመሪያው በ2010 በአውስትራሊያ፣ ሁለተኛው ከ2015 ጀምሮ በተለያዩ አገሮች ፈቃድ አግኝተዋል። የዴንጊው ክትባት ከዚያ ቀደም በዴንጊ ባልተያዙ ሰዎች ላይ ኋላ የሚመጣውን ሕመም ሊያብስ እንደሚችል በ2017 ሲታወቅ አጠቃቀሙ ተገድቧል። ዘረመልን መቀየር መቻልና የሰው ሰውነት የሚሰጠውን ምላሽ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይህ ታሪክ ያስተምራል።

መቀሱ በሕዋሱ ውስጥ

በ2012 ኢማኑኤል ሻርፓንቲዬና ጄኒፈር ዱድና ክሪስፐር-ካስ9 የተባለውን የዘረመል መቀስ አስተዋወቁ፤ በ2020ም የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይህ መቀስ በመነሻው ባክቴሪያዎች ከሚያጠቋቸው ቫይረሶች ራሳቸውን የሚከላከሉበት መሣሪያ ነው። አንድ አጭር መሪ አር ኤን ኤ መቀሱን ወደ ተፈለገው የዘረመል ስፍራ ይወስደዋል፤ መቀሱም በዚያ ላይ ዲኤንኤውን ይቆርጣል።

ዘረመላቸው በዲኤንኤ የተጻፈ እንደ ሄርፒስ ያሉ ቫይረሶች በተለከፈ ሕዋስ ውስጥ እንዳሉ በዚህ መቀስ ሊቆረጡ፣ የእያንዳንዱም ዘረመል ተግባር በዚሁ ሊታወቅ ይችላል። የሰውን ዲኤንኤ ተቀላቅሎ የሚደበቀው ኤች አይ ቪም እንዲሁ በቤተ ሙከራ ሕዋስ ውስጥ ለመቀሱ ተጋልጧል። የቢጫ ወባ ቫይረስ ግን በኑሮው ሁሉ ዲኤንኤ የሚባል ነገር ስለሌለው ካስ9 አይነካውም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ጥያቄውን ገልብጠው አቀረቡት፤ ቫይረሱን መቁረጥ ባይቻል፣ ቫይረሱ የሚገለገልበትን የሕዋስ ዘረመል መቁረጥስ? ከሰው ሕዋስ 20,000 ያህል ዘረመሎች መካከል ለየሕዋሱ አንድ አንዱን ቆርጦ፣ ቫይረሱን ለቆ፣ ከሞት የተረፈውን ሕዋስ መመርመር። የተረፈው ሕዋስ ያጣው ዘረመል ለቫይረሱ የግድ የሚያስፈልገው ነው ማለት ነው።

በ2016 በሴንት ሉዊስ ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የማይክል ዳይመንድ ቡድን በዚህ ዘዴ ያገኘው ውጤት ከ1985ቱ ንባብ ጋር የሚገጥም ነው። ቢጫ ወባን ጨምሮ ፍላቪ ቫይረሶች ያለ እርሱ መባዛት የሚሳናቸው የሕዋስ ዘረመል፣ ከዚያ ረጅም ፕሮቲን ቆራጭ ከሆነው የሕዋስ ኢንዛይም ስብስብ አንዱ ክፍል ሆኖ ተገኘ። ስሙ ኤስፒሲኤስ1 ይባላል። ይህ ዘረመል ሲወጣ ሕዋሱ ይኖራል፣ ቫይረሱ ግን ፕሮቲኖቹን በወጉ ሠርቶ መውጣት ያቅተዋል። ከሌሎች ወገኖች የሆኑ ቫይረሶች ደግሞ በዚህ ጉድለት አልተነኩም። ከ31 ዓመት በፊት ከንባብ የተገመተው ውሰት፣ በመቀስ ተፈተነ፣ እውነትም ሆኖ ተገኘ።

ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባበት በር ለረጅም ዘመን ሳይታወቅ ቆይቶ ነበር። በ2025 የታተሙ ጥናቶች በዚሁ የዘረመል መቁረጫ ዘዴ በመታገዝ፣ ኮሌስትሮልን ወደ ሕዋስ ከሚያስገቡት ተቀባዮች ቤተሰብ የሆኑ ፕሮቲኖች ለቫይረሱ መግቢያ እንደሚሆኑ አመለከቱ። ለቢጫ ወባ ዛሬም በሽታውን የሚያድን የተረጋገጠ መድኃኒት የለም፤ ሕክምናው ሕመምተኛውን መደገፍ ብቻ ነው። የበሩ መታወቅ የመድኃኒት ፍለጋውን አቅጣጫ ይሰጠዋል።

ወደ አሶሳ ሲመለስ

ይህ ሁሉ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምን ይፈይዳል? በአንድ በኩል ስጋቱ ታሪክ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2017 በተጀመረው የቢጫ ወባ ወረርሽኝን የማስወገድ ዓለም አቀፍ ስልት ከፍተኛ አደጋ ካለባቸው አገሮች ተቆጥራለች። በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2018 በወላይታ፣ በ2020 በጉራጌ በሽታው ተረጋግጧል። በሱዳን በኩልም በ2005 በደቡብ ኮርዶፋን፣ በ2012 በዳርፉር ተነሥቶ ነበር። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ደግሞ የሱዳን ጦርነት በርካታ ሕዝብ በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ ዞን አሻግሯል። የሰው እንቅስቃሴ፣ መጠለያና ውኃ ማጠራቀሚያ በበዛበት ስፍራ ለትንኝም ለቫይረስም ዕድሉ ይሰፋል።

በሌላ በኩል የማወቂያው መንገድ ረጅም ነው። ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ በመኪና ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ2018 የወላይታው ወረርሽኝ ሲረጋገጥ ናሙናው እስከ ሴኔጋል፣ ዳካር ፓስተር ኢንስቲትዩት ድረስ መሄድ ነበረበት። ለዚህ አንዱ ምክንያት የፍላቪ ቫይረሶች መመሳሰል ነው፤ በዴንጊ፣ በዌስት ናይል ወይም በዚካ የተያዘ ሰው ፀረ እንግዳ አካሉ በቢጫ ወባ ምርመራ ላይም ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ቫይረሶቹን በትክክል የሚለይ ሁለተኛ ምርመራ የግድ ያስፈልጋል።

የዘረመል መቀስ ከመድኃኒት ይልቅ ለምርመራ ቀድሞ ሊደርስ የሚችለው በዚህ ላይ ነው። ካስ13 የተባለው የክሪስፐር ዘመድ ከዲኤንኤ ይልቅ አር ኤን ኤን ያነጣጥራል። በ2018 በአሜሪካ ብሮድ ኢንስቲትዩት የፓርዲስ ሳቤቲ ቡድን ባሳተመው ጥናት፣ ይህ ዘዴ ከሕመምተኛ ናሙና ብዙ መሣሪያ ሳያስፈልግ ዚካን፣ ዴንጊን፣ ዌስት ናይልንና ቢጫ ወባን ለያይቶ በወረቀት ላይ በሚታይ መስመር እንዲያመለክት ሆኖ ተሠርቷል። ይህ ዘዴ በመስክ ተፈትኖ በአገር አቀፍ ደረጃ እስኪደራጅ ድረስ ግን የተለመደው ምርመራ ቦታውን አይለቅም።

ማጠቃለያ

ከኩርሙክ እስከ ዘረመል መቀስ ያለው ታሪክ ሲጠቀለል፣ ሳይንሱ በአራት ደረጃ ተጉዟል። በመጀመሪያ የቫይረሱን ዘረመል ሳያይ ለወጠ፤ ቀጥሎ አነበበ፤ ከዚያ ጻፈ፤ በመጨረሻም ቫይረሱ የሚኖርበትን የሕዋስ ዘረመል እየቆረጠ መረመረ። በየደረጃው መሠረት ሆኖ የተገኘው ግን አንድ ነው፤ የአሲቢ ደም፣ የኑባ ተራሮች ቫይረስ፣ የ1961ዱ ኩማ። ናሙና ያልተወሰደላቸው አያሌ ሙታን ለሳይንስም ለወገናቸውም ምስክርነት ሳይሰጡ አልፈዋል።

ስለዚህ የዘረመል አርትዖት ዘመን ለድንበር አካባቢ ጤና ባለሙያ የሚያስተላልፈው መልእክት ረቂቅ አይደለም። ትኩሳት ይዞት ዐይኑ ቢጫ የሆነ ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ “የወፍ በሽታ ነው” ብሎ ከመሸኘት በፊት ደም መውሰድ፣ ቀኑንና ቀበሌውን መመዝገብ፣ ናሙናውን በቅዝቃዜ ጠብቆ መላክና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል። በ1959 በድንበሩ ላይ የታየው ምልክት ቀጣዩን እልቂት ሊያስቀር አልቻለም። ቀጣዩ ምልክት ሲታይ ክትባቱም የምርመራው ጥበብም አሉ። የሚጎድለው ነገር ቢኖር፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጤና ጣቢያ የሚቀዳው አንድ ብልቃጥ ደም እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል።